የኢክራም ሣጥን ክዳን

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ይህን ደብተር ልጄ ባርኮት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ የጥልፍ ሞዴል እንድሥልበት ነበር። እኔ ለጥልፍ ወረቀት አያስፈልገኝም፤ ሠላሳ ዓመት የጠለፍኩት ሁሉ እጄ ላይ አለ። ስለዚህ ባሌን እጽፍበታለሁ። ፊት ለፊት እንዳልነግረው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቶሎ ይቀየማል።

ኒቆዲሞስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሐረርን የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። «ኒቆ ዓይኑ» ይሉታል። ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ ሲገጥመው በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ከሩቅ ቁጥሩን አንብቦ ይሄድ ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያወራው።

የሥራ ጓደኞቹ ለመሰናበቻ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ሰጡት። መጠኑ የበቆሎ እሸት ያህላል፤ ጫፉ ላይ ፑንታ እየተቀያየረ ይገባለታል፤ ሲነሣ እንደ ጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይጮሃል። ለእሱ ሲባል የኔ ሽንኩርትና ከሰል ከሰርቪስ ቤቱ ወጥተው በረንዳ ላይ ናቸው። ሰጋቱራ ከሽሮዬ ውስጥ ሳይቀር አግኝቻለሁ። እስካሁን የሠራው ሁለት የመስተዋት ፍሬምና እሱ እርግብ ነው የሚለውን አንድ ነገር ነው።

ዛሬ አይሻ መጣች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ልጇ ኢክራም ከፋሲካችን ቀጥሎ ባለው እሑድ ታገባለች። በአይሻ ቤተሰብ ወግ የሙሽራዋ ሣጥን በአማቾቹ ፊት ይቀመጥና ልብሱ ከመታየቱ በፊት ክዳኑ ይታያል። ክዳኑን ነው የመጣችበት።

«ጋሼ ኒቆዲሞስ፣ ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለችው።

ሳትጨርስ «አለቀ በይው» አላት። ዙሪያውን ሃያ አራት አበባ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ትልልቅ። ዋጋ ብትጠይቀው ተቆጣ። ኢክራምን ከአባቷ ሞት ወዲህ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እስካሁን «አባባ ኒቆ» ትለዋለች። እሱስ እሺ። ሃያ አራት ግን ምን ይሉታል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጣውላ ነጋዴው አደም ከድሬ ጠያራ የዋንዛ ጣውላ በባጃጅ አመጣ። ኒቆዲሞስ እንደ በሬ ገዢ ጣውላውን ዳበሰው።

አደም በጣቱ እያሳየው «ይቺን ቋጠሮ አይተኻታል?» አለው።

«አይቻታለሁ» አለ ባለሙያው። የሚያየው ግን ሌላውን ጫፍ ነበር። በትሕትና ይሆናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ትናንት ጾም ገባ። ኒቆዲሞስ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ቅዳሴ ነው። እኔ ሰጋቱራውን ልጠርግ ገባሁ።

ሦስቱ አበባዎች ደህና ናቸው፤ ማለት፣ አበባ መሆናቸው ይታወቃል። አራተኛው አንዱ ቅጠሉ መስመሩን ስቶ ጎረቤቱ ቤት ገብቷል። ትናንት ስጠይቀው መብራቱ ይወዛወዛል አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መብራትን ሲከላከል የኖረ ሰው ዛሬ በመብራት አላከከ።

ጥልፍ ቢሆን ፈትቼ በደገምኩት። እንጨት አይፈታም፤ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ግን የቅጠሉን ጎን ትንሽ ቢያሰፉት ስሕተቱ የታሰበ ይመስላል። ማሽኑን ያነሣሁት ለመጥረግ እንዲመቸኝ ነው። ማብሪያውን የነካሁት ደግሞ እንዴት እንደሚጠፋ ላረጋግጥ ነው። እጄ ላይ ነዘረኝ። መርፌ ነው፤ ከገፋሽው ይሰበራል፣ ከተውሽው ራሱ ይሄዳል።

አንድ ቅጠል ብቻ ነው የነካሁት።

ማታ ኒቆዲሞስ በጣቱ ዳበሰው። «ዋንዛ ጥሩነቱ፣ ሲውል ሲያድር ራሱን ያስተካክላል» አለኝ። የኔ የዋህ። ሳቄን በነጠላዬ ዋጥኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሁለት ቅጠል። መጥረግ ረሳሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የአይሻም ጾም ቅዳሜ ገባ። አሁን ግድግዳው በዚህም በዚያም ጾመኛ ነው።

ኒቆዲሞስ ማሽኑን ከቅዳሴ በፊት ብቻ ያስነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ጾመኛ ይተኛል ብሎ። እኔ ከሰዓት በኋላ ትንሽ... ትንሽ ነው። በሩን ዘግቼ፣ ከሥር ብርድ ልብስ ጎዝጉዤ።

አይሻ ዛሬ በግድግዳው ላይ ብቅ አለች። «የባርኮት እናት፣ ጋሼ ኒቆዲሞስ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ማሽኑ በማን እጅ ነው የሚጮኸው?»

«ሬድዮ ነው» አልኳት።

«ወላሂ ደስ የሚል ፕሮግራም ነው» አለችና ወረደች።

በጾም ውሸት። ሁለታችንም ጾም ላይ ሳለን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

አሥር አበባ አለቀ። ኒቆዲሞስ መስመሩን ሲያሰምር እርሳሱን እየጫነ እንደ ገመድ ያወፍረዋል። ሲጀምር ቀጭን ነበር። የእርሳስ ብክነት ነው ብለው «ለሚያየው ይታየዋል» አለኝ። እንግዲህ ከእሱ ሌላ ማን ያየዋል?

የአቧራ መነጽሩም ማሰሪያ ጠቧል። ርካሽ ላስቲክ ስለሆነ ይሆናል። ለኔ ግን ልክ ሆነልኝ። ስጠርግ ማለቴ ነው።

ደግሞ ጉሮሮውን አሞታል። ከቅዳሴ ሲመለስ የቆርቆሮ በሩ ላይ ቆሞ «እህ፣ እህ» እያለ ይጠራርጋል፤ ይጠራርጋል፤ አይገባም። እኔ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ሰጋቱራ አራግፌ፣ መጥረጊያ ይዤ በረንዳ ላይ እስክደርስ እዚያው ነው። ዝንጅብል በማር አፍልቼ አጠጣሁት። ፊቱን አጨማድዶ ጨረሰው።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኒቆዲሞስ አጥር ላይ ለተሰጣ ካፖርት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «ተስፋዬ ዘግቶኝ አለፈ» ብሎ እስከ ቤት አኮረፈ። ካፖርቱን እኔ አይቼዋለሁ። አልነገርኩትም።

በስልክ ለባርኮት እንደ ቀልድ አጫወትኳት። አልሳቀችም። «እማዬ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂው» አለችኝ።

ምሳ ላይ ነካ አደረግሁት። «የኔን ዓይን?» አለ። ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። ለአይሻ ሳቅ፣ ለኔ ኩርፊያ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር ከኔ በቀር ማን ያነበዋል። ፈርቻለሁ። ሲያፈስ፣ ሲደናቀፍ እቀልድበታለሁ፤ ቀልዱ ሲያልቅ ምን እንደምል አላውቅም። ዓይኑ ስሙ ነው። ስሙን ቢወስዱበት ከዚያ የሚተርፈውን ሰው ማጽናናት እችል እንደሁ እንጃ። ስለዚህ አበባዎቹ ያማሩ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ አይሻም አታፍርም፤ እሱም ኒቆ ዓይኑ እንደሆነ ይቆያል። ይኸው ነው ያደረግሁት። ሌላ የለውም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

የመቅረጫውን ጠረጴዛ እግሮች ቆርጦ አሳጥሯቸዋል። «ወገቤን ያመኛል» አለ። ሰው ወገቡን ሲያመው ጠረጴዛ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ ያደርጋል? በእሱ ቁመት አሁን ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ግትር። ለኔስ ተመችቶኛል፣ ክንዴ አይዝልም።

አሥራ ስድስት አበባ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ትናንት የነአይሻ ዒድ ነበር። ኢክራም ቴምርና ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ ይዛ መጣች። ሙሸበኩ በምን እንደተጠበሰ አጣርተን በላን። ኢክራም ክዳኑን ልታይ ፈለገች፤ ኒቆዲሞስ ሲያልቅ ነው አላት። ሄዳ በመስኮት አጮለቀች።

«አባባ ኒቆ፣ ይሄ ሁሉ በእርስዎ እጅ?»

«በእጅ ነው» አላት።

ሲዋሽ አላየሁትም፤ ልክ ነው፣ በእጅ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ሃያ አራቱ አለቁ። ቀኝ እጄ ማታ ማታ ይደነዝዛል። አይሻ አውራ ጣቴ ላይ ያለውን ፋሻ አይታ «ሬድዮው ነከሰሽ?» አለችኝ።

አራቱ ማዕዘን ቀሩ። ኒቆዲሞስ በክብ አስምሯቸዋል፤ ውስጣቸውን ባዶ ትቶታል። ያስብበታል መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ሰሙነ ሕማማት ነው። ኒቆዲሞስ ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ላይ ነው። እኔ ጠዋት ሰግጄ ሦስት የፋሲካ ቀሚስ ልጨርስ ተመለስኩ፤ ባለቤቶቹ ዓርብ ይመጣሉ። ሦስቱም ደረታቸው ላይ ያው የኔ ጥልፍ፣ የለመዱት።

አንድ ደረት እጠልፋለሁ፣ ዓይኔ ሲደክም ሰርቪስ ቤት ገብቼ አንድ ማዕዘን እቀርጻለሁ። በዚህ ሳምንት አይገባም ነበር። ግን ከእሑድ እስከ እሑድ ማን ይጨርሰው? እጄ እርሳስ እንኳ ሳይጠይቅ ራሱ ሄደ። ሰኞ አንድ፣ ትናንት ሁለት፣ ዛሬ አራተኛው። እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ቫርኒሹን ኒቆዲሞስ ይቀባዋል።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስግደቱን እያሰብኩ ነበር። ማለት ሞክሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ይህንንም ልጻፈው።

አይሻና ኢክራም ክዳኑን ሊያዩ መጡ። ከእነሱ ጋር የሙሽራው አክስት ሐጃ ዋፊቃ ነበሩ። እሳቸው ሳያዩ ምንም ነገር አይገባም ተብሏል። ኒቆዲሞስ ክዳኑን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አቁሞ ጨርቁን ገለጠ። ፀሐይ አረፈበት።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጃ ዋፊቃ። በጣታቸው አበባዎቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄዱ። ወደ ሦስተኛው።

«ይሄስ ምንድነው?»

ያን ጊዜ አየሁት። መስቀል። አራት ማዕዘን፣ አራት መስቀል፤ ክንዶቹ እኩል፣ ጫፋቸው እንደ ሐረግ የተከፈለ። ለሠላሳ ዓመት በየቀሚሱ ደረት ላይ የጠለፍኩት። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። የእስላም ሙሽራ ሣጥን ላይ አራት መስቀል ቀርጬ፣ አማረ ብዬ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሻለሁ።

አይሻ ክዳኑን አላየችም፤ አውራ ጣቴን አየች። ኢክራም ከንፈሯ ነጣ። ሐጃ ዋፊቃ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ እንደሚሄድ ሰው።

ኒቆዲሞስ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኑን በጣቱ ዳበሰው። አራቱን ክንድ አንድ በአንድ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔ የቆምኩ ወደመሰለው ወደ ግራው ዞረ። እኔ ግን በቀኙ ነበርኩ።

«የኔ ጥፋት ነው» አላቸው። «አፉ ይበሉኝ፣ ሐጃ። ዓይኔ ሞራ ለብሷል። ከጥቅምት ወዲህ የሰው ፊት አልለይም፤ አሁንም እርስዎን በድምፅዎ ነው የማውቅዎ። አበባ የቀረጽኩ መስሎኝ ነው። እጄ የሚያውቀውን ሠራ። ልጅቱ ምንም የለችበትም፣ እናቷም።»

ሐጃ ዋፊቃ ቀረቡት። ከዚያ ክንዱን ያዙት። «ያ ረቢ... አባቴ፣ ይህን ሁሉ ሳያዩ ነው የሠሩት? አላህ ያሽርዎት። የሚስተካከል ከሆነ አስተካክሉት፤ እኔ ዛሬ ምንም አላየሁም» አሉት።

እኔስ? የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። በፋሻ የታሰረ አውራ ጣቴን ከትሪው ሥር ደብቄ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። ሐረር ሁሉ የሚያውቀውን ዓይኑን ለኔ ጥፋት ከፈለ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ሲሄዱ አይሻ ተመልሳ መጣች። ከቤቷ ግድግዳ ላይ አንድ የስንደዶ ስፌት አውርዳ ይዛለች።

«አቦ አታልቅሺ» አለችኝ። «ያንቺን ጥልፍ እኔ አላውቀውም? ሠላሳ ዓመት ጎኔ ተቀምጠሽ ስትወጊው። ይልቅ ይቺን እይ።» ስፌቱ ላይ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ አለ። «ያንቺ አራት አለው። መሐል ለመሐሉ አራት ጨምሪበት፣ የኛ ይሆናል።»

«ለኒቆዲሞስ ነግረሽዋል?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ የነገሩኝ» አለች። «በረመዳን መጀመሪያ። ሬድዮውን እንዳላስጠፋሽ ለመኑኝ።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ጠዋት ሰርቪስ ቤት ገባሁ። ኒቆዲሞስ ተቀምጧል፤ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞታል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«አበባዎቹ። ከአራተኛው ጀምሮ።»

«አምስተኛውን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለኝ ቅር ብሎት።

«አምስተኛውንም ነክቼዋለሁ።»

ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «መነጽርሽን አድርጊ» አለ። «ማሰሪያውን በራስሽ ልክ ካሳጠርኩት ወር አልፎታል፤ የኔን ግንባር ይጨምቃል። እርሳሱን ከዚህ በላይ ላወፍርልሽ አልችልም ነበር። ጠረጴዛውንም ይኸው። አሁን እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ ቁረጪ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

መነጽሩን አደረግሁ። እሱ ያዘ፣ እኔ ቆረጥኩ። በየክንዱ መሐል አንድ አንድ ቅጠል፣ ጫፉን ጠበብ አድርጌ። ቫርኒሹ እየተላጠ ሽታው አፍንጫችን ገባ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ መብራት ጠፋ፤ ሁለታችንም ሳቅን። እስኪመጣ እጁ እጄ ላይ ነበር።

ስንጨርስ «ዝንጅብሉን ግን ተዪኝ» አለኝ። «ጉሮሮዬ ደህና ነው።»

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ትናንት ሠርጉ አለፈ። ክዳኑ ተገለጠ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጃ ዋፊቃ ማዕዘኖቹን ዳበሱና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ወዲያው እኔን እያዩ «የሠራው እጅ አይንደድ» አሉኝ። እሳቸውም ያውቃሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለቀረቡኝ ሴቶች እኔ እንደቀረጽኩት ነገርኳቸው፣ መስቀሉንም። አንዳንዷ አላመነችም። ኒቆዲሞስ የቆጣሪውን ወሬ አላወራም። ይልቅ ዓይኔ ሞራ አለበት እያለ እየዞረ ይናገራል፤ አሁን ደግሞ በዚያ ሊኮራ ነው። ለአንድ ሰው የነገረውን ለከተማው ነገረው፤ የሚደብቀው ስለሌለ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብሏል። ባርኮት በስልክ አለቀሰች።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

የቀኝ ዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት አምስት ሳምንቱ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። አተኩሮ አየኝና «ሮማን፣ ሸብተሻል እኮ» አለኝ። ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ የጸለይኩት።

ቅዳሜ ኢክራም ቤት ሄድን። ክዳኑን መስኮት አጠገብ አስቀምጣዋለች። ኒቆዲሞስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንድ በአንድ አየ። ሲጨርስ «የኔ ሦስቱ ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አላዘነም፤ ወይም ብዙ አላዘነም። በመንገድ ላይ ግን «አሥራ ሰባተኛዋ ጠማማ ናት» አለኝ። ጠማማ አይደለችም።

እኔ አሁን ለባርኮት የመስተዋት ፍሬም እየቀረጽኩ ነው፣ ሐረግ ያለበት። ኒቆዲሞስን ሐኪሙ አቧራ ከከለከለው ወዲህ ቆሞ መምከር ብቻ ነበር ሥራው። ክልከላው ባለፈው ሳምንት አበቃ።

ዛሬ ክር ልገዛ ጊደር መጋላ ሄጄ ነበር። አይሻ ጋ ጥቂት ተጫውቼ ስመለስ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ ማሽኑ ይሰማል። የኔን ሐረግ እያስተካከለ ነው። ጠዋት ደህና ትቼው የሄድኩትን።

የቆርቆሮው በር ጋ ደረስኩ። ልገፋው እጄን አነሣሁና መለስኩት። ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።

«እህ፣ እህ» አልኩ።